ሳናድርበት ያለፍነው መንደር፤ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በብስክሌት

መንገድ ላይ ሳላችሁ የማታውቁት ሰው ከደጁ ብቅ ብሎ «መሽቷል፣ ግቡ፣ እዚሁ እደሩ» ብሏችሁ ያውቃል? እናንተስ ሆዳችሁ እየጮኸ «አይ፣ አናስቸግርም» ብላችሁ አልፋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አድርጌዋለሁ። ያደረግኩትም ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ያ ጨዋነቴ ጓደኛዬን እህቱን ሊያሳጣው ምንም አልቀረውም ነበር። ይህን የምጽፈው አሶሳ ተመልሼ፣ እግሬን ካሳረፍኩ በኋላ ነው። ኩርሙክን አይታችሁ ለማታውቁ ሁሉ መንገዱን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነ ልጅ አዋቂው ብስክሌት ይነዳል፤ ገበያም፣ ሥራም፣ ለቅሶም በብስክሌት ይኬዳል። ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ሰሞን የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ አሶሳ ስመደብ የቻይና ብስክሌቴን አውቶቡስ ላይ አስጭኜ ነው የመጣሁት። የየቢሮው ታፔላ ቀለሙ ገና ይሸት ነበር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የቀረብኩት ሰው ሐሚድ ነው። የሒሳብ መምህር ነው፤ ከበርታ ብሔረሰብ ነው፣ ያደገው ባምባሲ።

ሐሚድ ዘይነብ የምትባል ታላቅ እህት አለችው። ከሰባት ዓመት በፊት ለአንድ ነጋዴ ተድራ የሱዳንን ድንበር ተሻግራ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አላያትም። ጥር ላይ አንድ ከኩርሙክ የመጣ ቡና ነጋዴ ወሬ አመጣለት። ባልዋ ደማዚን ሥራ አግኝቷል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ሐሙስ ከገበያ በኋላ በሚነሳው የጭነት መኪና ቤተሰቡን ይዞ ይሄዳል። ደማዚን ከድንበሩ ሩቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መገናኘት ዘበት ነው። እናታቸው ጉልበታቸው ስለደከመ መሄድ አይችሉም። ለሐሚድ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በዓይኔ አየኋት በለኝ።»

የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት የዋለው በዚያው ሳምንት ነበር። እኔ ደግሞ ውጭ አገር መሄድ የልጅነት ምኞቴ ነው። ውጭ አገር ሲባል አውሮፕላን ብቻ ይታየኝ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ካርታ ሰቅዬ ሳስተምር ግን ውጭ አገር ከአሶሳ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንደሚርቅ ገባኝ። በብስክሌት የሁለት ቀን መንገድ ነው። ወደዚያ የሚሄደው መኪና መቼ እንደሚሞላ አይታወቅም፤ ብስክሌት ግን ሰው አይጠብቅም። ለሐሚድ በብስክሌት እንሂድ፣ መንገድ ላይ በድንኳን እንደር አልኩት። ከጎረቤቱ ብስክሌት ተዋሰና እሺ አለ።

ዕቅዱን አንድ ሳምንት ሠራሁት። ደብተር ላይ የቀኑን ኪሎ ሜትር፣ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት፣ ውሃ የሚሞላበትን ቦታ ጻፍኩ። ካርታውን በእጄ ገለበጥኩ። ድንኳኑን ገበያ ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ከሸራ ሰፋልኝ፤ ምሰሶው ቀርከሃ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተክዬ ስሞክረው ርዕሰ መምህራችን በመስኮት አይተው፣ ቤት ኪራይ ተወደደብህ ወይ ሲሉ ቀለዱብኝ። ምግቡም ተሟላ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና አንዲት ጀበና የምታህል ማንቆርቆሪያ። ሐሳቤ ማንንም ሳናስቸግር መሄድ፣ ማንንም ሳናስቸግር መመለስ ነበር።

ሐሚድ ዕቃውን ሁሉ አገላብጦ አየና፣ በመንገዱ ሁሉ መንደር አለ፣ ድንኳኑ ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። በሌላው ዓለም ሰው በብስክሌት ሲጓዝ እንዲህ ነው ራሱን ችሎ የሚሄደው ብዬ በሰፊው አስረዳሁት። ፈገግ አለ። ከትምህርት ቤቱ የመሸኛ ደብዳቤ ሳስጽፍም ለሥርዓቱ ብዬ ሁለታችንን በአንድ ወረቀት አስጻፍኩ። ይህችን ወረቀት አስታውሱልኝ፤ መጠየቂያዋ ይመጣል።

ሰኞ

ከአሶሳ የወጣነው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከማንጎዎቹ ጥላ ስንወጣ ቀይ የጠጠር መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ቀርከሃ። እኛ ዘንድ ጠዋት ከጣና በኩል የሚመጣ ነፋስ ፊት ያቀዘቅዛል። እዚህ ነፋሱም ራሱ ከምድጃ አጠገብ ተነስቶ የመጣ ይመስላል። መንገዱ በጠቅላላው ወደ ቆላ ስለሚወርድ ግን ብስክሌቱ በራሱ ይሄዳል፤ ሥራው የፍሬን ነው።

ሆሞሻ ከመድረሳችን በፊት የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ጎማውን አወጣሁ፣ ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ጎማ፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን አገኘሁ፣ ዙሪያውን በአሸዋ ወረቀት ፈገፈግኩ። ሁሉም በሥርዓቱ ሆነ። ማጣበቂያዬን ስከፍት በሙቀት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ማሽላ ጭኖ የሚያልፍ አንድ ሰው አህያውን አቁሞ ያየን ጀመር። ከዚያ ከአህያው ጭነት ላይ የላስቲክ ማሰሪያ ፈታ፤ ከመነዳሪውን ቀዳዳው ላይ አጥፎ ግጥም አድርጎ አሰረልኝ። እስከ ኩርሙክ የሄድኩት በዚያ ቋጠሮ ነው። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር አንዴ እያነጠረኝ፣ ቋጠሮውን እየቆጠርኩ ተጓዝኩ።

ሆሞሻ ሻይ ጠጣን፤ ከዚያም ወረድን። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ለማደሪያ ወደ መረጥኩት ቦታ ተቃረብን። ከቦታው ትንሽ ቀደም ብሎ የሣር ክዳን ቤቶች ያሉበት መንደር አለ። የመጀመሪያው ግቢ በር ላይ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ቆመዋል። ሼህ ኢድሪስ ይባላሉ፤ መንደሩ የሚሰማቸው ሰው ናቸው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ እጃቸውን ወደ ግቢው ዘረጉ።

«ግቡ። አልጋ አለ፣ ውሃ አለ።»

ድንኳን እንደያዝን፣ ምግብም እንዳለን፣ ማስቸገር እንደማንፈልግ በትሕትና አስረዳሁ። ሐሚድ በበርታ ቋንቋ ረዘም አድርጎ አናገራቸው። ሽማግሌው ብስክሌቴን፣ ጭነቴን፣ ከዚያ እኔን አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቤት ገቡ። እኛም አለፍን። መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቀን ድንኳኑን ተከልን።

ጀምበር ስትጠልቅ ሼህ ኢድሪስ መጡ። ከኋላቸው ባለቤታቸው የማሽላ ገንፎና የባምያ ወጥ በትልቅ ሳህን ይዘዋል። እኔ ገና በሶዬን በጥብጬ መጠጣቴ ነበር፤ በልተናል ብዬ አመሰገንኩ። ሐሚድ ግን እጁን ታጠበና ተቀምጦ እስኪጠግብ በላ። ሽማግሌው ድንኳኑን በዱላቸው ጫፍ ነካ ነካ አድርገው ይህ የማን ቤት ነው አሉኝ። የኔ አልኳቸው።

«ይሄ ሰው የሌለው ቤት ነው» አሉና ሳህኑን አስይዘው ተመለሱ።

እኔ ያን ምሽት ደብተሬ ላይ «ዕቅዱ በሰዓቱ ተፈጽሟል» ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ

ማልደን ተነሳን። ቀርከሃው አለቀና ግንዳቸው ቤት የሚያህል፣ ቅርንጫፋቸው ግን ሥር የሚመስል ዛፎች መጡ። የሸርቆሌን መገንጠያ ካለፍን በኋላ መንገዱ ብሷል፤ አሸዋው ጎማ ይውጣል፣ ከብስክሌቱ እየወረድን እንገፋለን። ባሕር ዳር ሞቃት ነው ብዬ ለአዲስ አበባ ሰዎች ስናገር የኖርኩትን ሁሉ እዚህ ጋ ይቅር በሉኝ አልኩ።

ኩርሙክ የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከተማው ጫፍ ላይ ኬላ አለ፤ ከኬላው ወዲያ ደረቅ ወንዝ፣ ከወንዙ ወዲያ ሱዳን። ያ ብቻ ነው ውጭ አገር። የዘይነብ መንደር ከዚያ በብስክሌት የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ማታ እንደርሳለን፣ ሁለት ሌሊት አብረናት እናድራለን፣ ሐሙስ ገበያ ላይ እንሸኛታለን። ዕቅዱ እንዲህ ነበር።

የኬላው ኃላፊ ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ውሃ አስመጣልን። ደብዳቤውን አነበበ፣ ጭነቱን አስፈታ፣ ድንኳኑን ዘርግቶ አየ፣ በእጄ የገለበጥኩትን ካርታ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ የጠየቀው ግን ስለ ካርታው አልነበረም።

«ትናንት የት አደራችሁ?»

ከሼህ ኢድሪስ መንደር ወጣ ብለን በድንኳን አልኩ፤ ትንሽም ኩራት ነበረብኝ።

«መንደሩ አላስገባ አላችሁ?»

«አይ፣ ግቡ ብለውን ነበር። ላለማስቸገር ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ነገሩን ያስረዳኝ እንደ መምህር ነው። እዚህ አገር ሰው ሲመጣ ወረቀቱን ብቻ አናይም አለ፤ ወረቀት ማንም ያጽፋል። የማን እንግዳ ነው ብለን እንጠይቃለን። ያሳደረው ሰው ይታወቃልና ያደረውም ይታወቃል። ቤት እያለ ዱር የሚያድር ግን ከሰው ዓይን የሚሸሽ ነው።

«የሼህ ኢድሪስን ደጅ አልፋችሁ፤» አለ፣ «እሳቸው ቤት አድራችሁ ቢሆን አንድ ቃላቸው ይበቃኝ ነበር።»

ሐሚድ እህቱን ለማየት መምጣቱን ተናገረ፤ «እኔ ብቻዬን ልለፍ፣ እሱ ይቆየኝ» ብሎም ለመነ። ኃላፊው ደብዳቤውን አዞረና አሳየው። ሁለት ስም፣ አንድ ማኅተም። በአንድ ወረቀት የመጣ በአንድ ያልፋል፣ ወይም በአንድ ይመለሳል።

እስኪመሽ ከተማውን ዞርን፤ የሚያውቀን አልተገኘም። የሐሚድ ዘመዶች ሁሉ ባምባሲ ናቸው። አንዲት ሻይ ሻጭ ግቢያቸው ውስጥ አንገረብ፣ ማለትም በገመድ የተጠለፈ አልጋ፣ አወጡልንና አሳደሩን። ሐሚድ አልወቀሰኝም። ጫማውን አውልቆ ወንዙን እያየ ተቀመጠ። ባይወቅሰኝም ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ነገ እኔ ወደ ሼህ ኢድሪስ እመለሳለሁ አልኩት። አንተ እዚህ ሆነህ ለዘይነብ መልእክት የሚያደርስ ነጋዴ ፈልግ። ያለን ቀን አንድ ብቻ ነው።

ረቡዕ

ስንወርድ ብስክሌቱ በራሱ ሄዷል ብያችኋለሁ። ስትመለሱ የተሰጣችሁን ሁሉ ትከፍላላችሁ። ድንኳኑንና ማንቆርቆሪያውን ትቼ በባዶ ብስክሌት ብወጣም ግማሹን መንገድ የሄድኩት በእግሬ እየገፋሁ ነው። መንደሩ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሼህ ኢድሪስ ማንጎ ሥር ተቀምጠው ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። ላቤን አዩና መጀመሪያ ውሃ አሉ። ጠጣሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ኬላው፣ ስለ ሐሚድ እናት፣ ስለ ሐሙስ። የምፈልገው አንዲት መስመር ጽሑፍ ነበር። እኔ ቤት አድረዋል የምትል። ወረቀትም ብዕርም ይዤ መጥቻለሁ።

ቀርከሃውን አስቀምጠው በጥሞና ሰሙኝ።

«ኡስታዝ፣ እኔ ያላደረ ሰው አደረ አልልም።»

ኡስታዝ ያሉኝ መምህር ለማለት ነው፤ መምህር ነኝና ይህን መልስ መቀበል ነበረብኝ። ግን ጭንቀት ያዘኝ። ነገ እኮ ሐሙስ ነው አልኳቸው፤ አሁን ተነስቼ ካልተመለስኩ ልጁ እህቱን አያያትም።

«ዛሬ እደር። ነገ እናገራለሁ።»

«ነገ በብስክሌት እስከ እኩለ ቀን አልደርስም።»

«ብስክሌት ማን አለ? ጎህ ሲቀድ የገበያ መኪና እዚህ ያልፋል። እኔም እሄዳለሁ።» ከዚያ የተሰነጠቀውን ቀርከሃ ጫፍ አስያዙኝ። «እስከዚያ ይሄን ያዝ። ወዲህ ሳብ።»

ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ሳብኩ። ምንጣፍ ነው የምንሠራው። ስንጣቂው እኩል ካልሆነ ሽመናው ይጣመማል፤ እሳቸው በአውራ ጣታቸው ዳብሰው ውፍረቱን ያውቃሉ፣ እኔ ዓይኔን አጥብቤም አላወቅኩትም። ያጣመምኩትን ሁሉ እየፈቱ መልሰው ይሰጡኛል። ጎረቤቶች አንድ ሁለት እያሉ መጡ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ አባቴ ምን እንደሚያርስ፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባሁ ጠየቁኝ። አባቴ የጀልባ ሠራተኛ ነው ስላቸው አንዱ ሳቀ፤ ለካ ልጁን በደረቅ አገር በጎማ እንዲቀዝፍ የላከው እሱ ነው አለ።

እራት ቀረበ። «ሚስቴ ገንፎ ሠርታለች» አሉ ሼህ ኢድሪስ፤ ዓይናቸው ላይ ትንሽ ቀልድ ነበረ፤ «ዛሬም በልተሃል?» አልበላሁም አልኩ። ገንፎ እኛም አገር አለ፤ የኛው በቅቤና በበርበሬ መሐሉ ተጎድጉዶ የሚበላ የአራስ ቤት ምግብ ነው። የዚህኛው ጠቆር ያለ፣ በባምያ ወጥ እየተነከረ ሳይታኘክ የሚወርድ ነው። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። የበላሁት ግን በግማሽ ልብ ነው። ሐሚድ ወንዙ ዳር ምን እያሰበ እንዳለ አውቃለሁ።

ሐሙስ

መኪናው ጎህ ሳይቀድ መጣ። ብስክሌቴ ከማሽላ ጆንያ ላይ ታሰረ፤ እኔም ከብስክሌቱ ጎን ተቀመጥኩ። ሼህ ኢድሪስን ሾፌሩ ከፊት አስቀመጣቸው። ኩርሙክ አምስት ሰዓት ላይ ገባን። ሐሚድ ኬላው ጋ ቆሞ ነበር። መልእክቱ ለዘይነብ ደርሷል፤ ማለዳ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ገበያ መጥታለች፣ መኪናው እየተጫነ ነው አለኝ። እሷ መሻገሪያ ወረቀት የላትም፤ እሱም የለውም።

ሼህ ኢድሪስ ኃላፊውን ሰላም ካሉ በኋላ የተናገሩት ጥቂት ነው። «ይሄ እንግዳዬ ነው። እኔ ቤት አድሯል። ቀርከሃ አያውቅም፣ ገንፎ ያውቃል።»

ኃላፊው ሳቅ አለ። ከዚያ በብዕሩ ወደ ሐሚድ አመለከተ። «ይኸኛውስ? እሱ እርስዎ ዘንድ አላደረም።»

ሽማግሌው ግን አላመነቱም።

«እሱ ሰኞ ማታ ገንፎዬን በልቷል። የበላ እንግዳ ነው።»

እስከ ጀምበር መጥለቂያ የሚያገለግል ማኅተም ተመታልን። ደረቁን ወንዝ በሩጫ ተሻገርን። አሸዋው ውስጥ አንድ ጫማዬ ቀረና ተመልሼ አነሳሁት። የመጀመሪያው ውጭ አገር ጉዞዬ የተጀመረው አንድ ጫማ በእጄ ይዤ ነው።

የጭነት መኪናው በጆንያና በአልጋ ተከምሯል። ዘይነብ ከላይ ተቀምጣ ሕፃን ታቅፋ ነበር። ሐሚድን ስታይ ሕፃኑን ለባልዋ ሰጠችና ወረደች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ በበርታ ቋንቋ ማውራት ጀመሩ። እኔ ዘወር ብዬ ገበያውን አየሁ፤ ለሻይ የሚሆን ከርከዴ፣ ሽንኩርት፣ የፕላስቲክ ጫማ። አሶሳ ገበያ ያለው ሁሉ እዚህም አለ፤ ሰዎቹም ያንኑ ቋንቋ ይናገራሉ። ውጭ አገር ይህን ያህል ቤት ይመስላል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ሐሚድ ጠራኝ። ዘይነብ አማርኛዋን አልረሳችም፤ ለምን ትናንት እንዳልመጣ ጠይቃዋለች፤ እሱ መንገድ ላይ ቆየን ብሏታል። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ።

«ያቆየሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «አስቸግራለሁ ብዬ ሰው ቤት አልገባም በማለቴ ነው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ኡስታዝ፣ ደማዚን መጥተህ ደጄ ላይ እንዲህ ካልክ ከነብስክሌትህ ጎትቼ አስገባሃለሁ።» ስቃ ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን እንባ ነበረው።

መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ተነሳ። አብረው የቆዩት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሐሚድ አቧራው እስኪጠፋ ቆሞ አየ። ወንዙን ስንመለስ፣ «ለእናቴ በዓይኔ አየኋት እላታለሁ፣ እሷ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው» አለ። ትንሽ ሄደና «ሁለት ሌሊት ግን…» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም።

ዓርብና ቅዳሜ

ውጭ አገር አላደርኩም። ሐሙስ ማታ እንደገና ሻይ ሻጯ ግቢ ነበርን። ዓርብ ብስክሌታችንን እየገፋን ወጣንና ሼህ ኢድሪስ ቤት አደርን፤ ሐሚድ እኔ ያጣመምኩትን ምንጣፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ አስተካክሎ ሸመነ። ቅዳሜ ማታ አሶሳ ገባን። የሐሚድን እናት እሑድ ባምባሲ ሄደን አገኘናቸው። እሱ ሁሉንም ነገራቸው፤ ሕፃኑን፣ ልብሷን፣ ፊቱን እንዴት እንደያዘችው። በኔ ጥፋት ስላለፉት ሁለት ሌሊቶች አልነገራቸውም። እኔ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ የበላህ አትመስልም፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

እናንተም ሞክሩት። በሚቀጥለው ዕረፍታችሁ ብስክሌት ተከራዩ ወይም ተዋሱ፤ አንድ ቀን የሚያስኬድ፣ ሰው የማያውቃችሁን መንገድ ምረጡ። ትርፍ ከመነዳሪና ውሃ ያዙ፤ እራት አትያዙ። ሲመሽ መጀመሪያ ያያችሁት ግቢ በር ላይ ቁሙ፤ ሲሏችሁ ግቡ፤ የሚሠራ ካለ ጫፉን ያዙ። ጠዋት ስትነሱ የማን እንግዳ ናችሁ ብሎ የሚጠይቃችሁ ቢመጣ የምትመልሱት ስም ይኖራችኋል።